ከአጥሩ ወዲህ አልዘነበም

ይሄ የሆነ ነገር ነው። የሆነውም በእኔ ላይ ነው።

አታምኑኝም፣ አውቃለሁ። የነገውን አየር ስነግራችሁም አምናችሁኝ አታውቁም። "ዝናብ አለ" ስላችሁ በሸሚዝ ትወጣላችሁ፤ ስትበሰብሱ ደግሞ እኔን ትሰድባላችሁ።

ስለዚህ ማመን አለማመናችሁ አያስጨንቀኝም። ሰዓቱን ብቻ ያዙልኝ።

ማክሰኞ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ሦስተኛ ፎቅ፣ የትንበያ ክፍል፣ መስኮቱ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ።

ሌሊት አልነበረም። ሌሊት ቢሆን ኖሮ እንቅልፍ ነው፣ ድካም ነው ብዬ እገላገል ነበር። ቀን ነበር... መብራቱ በርቶ፣ ስድስት ሰው ተቀምጦ፣ አንዱ ብርቱካን እየላጠ።

መጀመሪያ ሥራዬን ልንገራችሁ። በጸደይ፣ ወጀብ በሚበዛበት ወቅት፣ የአካባቢውን የሳምንት ትንበያ የምጽፈው እኔ ነኝ። ጽፌ ለአለቃችን እሰጣለሁ። እሱ ደግሞ ያለሰልሰዋል።

አለቃችንን "ለስላሳ" ነው የምንለው። "ከባድ ወጀብ" ብዬ የጻፍኩትን "አልፎ አልፎ ጠንከር የሚል ነፋስ" ያደርገዋል። "ጎርፍ" የሚለውን ቃል በሕይወቱ ጽፎ አያውቅም፤ "የውሃ መጠን መጨመር" ነው የሚለው። ቤቱ ቢቃጠል ለእሳት አደጋ ደውሎ "መጠነኛ የሙቀት ከፍታ አለ" የሚል ሰው ነው።

እኔም ከእሱ አልሻልም። ለስልሶ ሲመለስልኝ ፈርሜ አሳልፋለሁ።

ልኬት የሚልኩልን አስራ አንድ ጣቢያዎች አሉ። አስሩ መሣሪያ ብቻ ናቸው። ራሳቸው ይለካሉ፣ ራሳቸው ይልካሉ፣ ወሬ አያበዙም። አስራ አንደኛው ላይ ግን ሰው አለ... ወይም ነበረ። ተራራው ትከሻ ላይ፣ አንዲት ክፍል ቤት ውስጥ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ። በቀን ሁለቴ፣ ጠዋትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ልኬቱን በስልክ ያነብልናል።

"ጋሼ ጠብታ" እንለዋለን። አንዲት ጠብታ ብትወድቅ ሳይነግረን ስለማያድር ነው። በስልክ "እርስዎ" እንለዋለን፤ ስልኩ ሲዘጋ "እሱ" ነው።

ሃያ ሁለት ዓመት ዝናብ ሲቆጥር የኖረ ሰው ነው። ልኬቱን ነግሮን አያበቃም፤ የትኛዋ ወፍ እንዳለፈች፣ ጭጋጉ የትኛው ዛፍ ጋ እንደቆመ ይተርካል። ስልኩ ሲጮህ "ያንቺ ነው"፣ "ያንተ ነው" እየተባባልን እንገፋፋለን። እኔ ካነሳሁት ግን ድምፁን ለሁሉም አሰማለሁ፤ ክፍሉ በሙሉ ይስቃል። ሥራችን አሰልቺ ነው። እሱ መዝናኛችን ነበር።

ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወለ።

ነፋስ ዜሮ። ዝናብ ዜሮ።

ራዳሩን አየሁት። ልክ እሱ አናት ላይ ቀይ ደመና ተቀምጧል። እንደዚያ ያለ ደመና ከሥሩ ያለውን ሳያጥብ አይሄድም።

ተኝተው ነው እንዴ ያነበቡት፣ አልኩት። ዝናቡማ አለ፣ አለኝ። ከአጥሩ ወዲያ በደንብ እየወረደ ነው። ከአጥሩ ወዲህ ግን አንዲት ጠብታ የለም።

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ስልኩን ዘግቼ፣ እሱ ዜሮ ባለበት ቦታ በራሴ እጅ አስራ ስምንት ሚሊ ሜትር ብዬ ሞላሁ። ራዳሩ የሚገምተው ያንን ያህል ነው። ማን ይጠይቀኛል...

ማክሰኞ፣ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ስልኩ ጮኸ።

አንስቼ እንደ ልማዴ ድምፁን ለክፍሉ ለቀቅኩት።

ጋሼ ጠብታ ስልክ ላይ ሲያወራ ይጮሃል። ድምፁ ተራራውን በእግሩ ወርዶ የሚመጣ ይመስለዋል። ያን ቀን ግን ያንሾካሹክ ነበር።

"ልጄ... መለኪያው ሞልቷል።"

"ታዲያ ደስ ይበልዎት። ዘነበ ማለት ነዋ።"

"አልዘነበም።"

"በምን ሞላ ታዲያ?"

"አላውቅም... ደፋሁት። ደግሞ ሞላ።"

ብርቱካን የሚልጠው ሰውዬ በሳቅ ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። በእጄ ዝም እንዲሉ ምልክት ሰጠሁ። አዝኜ አይደለም። ቀሪው እንዳያመልጠን ነው።

"ነፋሱስ፣ ጋሼ?"

"ነፋስ የለም። ጠቋሚው ግን ይዞራል።"

ጠቋሚ የሚለው የነፋስ አቅጣጫ ማሳያውን ነው። ረጅም ብረት ላይ የቆመ ቀስት ነው፤ ነፋስ ከሌለ የሚያዞረው ነገር የለም።

"ወዴት ነው የሚዞረው?"



"ወደ እኔ።"

እንግዲያው ዘይት ይቀቡት አልኩት፤ ምናልባት ተጣብቆ ይሆናል። ከኋላዬ አንዱ እያስመሰለ አስነጠሰ፤ ሳቁን መደበቁ ነው።

ጋሼ ጠብታ ንባቡን ቀጠለ። ከልኬቱ ሁሉ መጨረሻ የሚነበበው እይታ ነው፤ ከቆሙበት ሆነው ምን ያህል ርቀት ማየት እንደሚቻል ማለት ነው። ጥሩ ቀን ከሆነ አስር ኪሎ ሜትር፣ ሃያ ኪሎ ሜትር ይላል።

"እይታ... ሦስት ሜትር።"

"ጭጋግ ወረደ እንዴ?"

"ሁለት ሜትር።"

"ጋሼ፣ ጭጋግ ነው ወይ?"

"ጭጋግ አይደለም፣ ልጄ።"

አሁን የሚስቅ ሰው አልነበረም።

"አንድ..."

ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። አልተቋረጠም። ቀስ ተደርጎ ተቀመጠ... እጀታው ማስቀመጫው ላይ ሲያርፍ ስድስታችንም ሰማነው።

መልሼ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። ለለስላሳ ሄጄ ነገርኩት። ሰውዬው ጡረታ መውጣት ከነበረበት ቆይቷል፣ ብቸኝነቱ አናቱ ላይ ወጥቷል አለኝ። መዝገቡ ላይ "ልኬት አልደረሰም" በይ አለ።

ጻፍኩ።

ረቡዕ ጠዋት ስልኩ አልጮኸም። ዘጠኝ ሰዓት ላይም አልጮኸም። ሁላችንም የግድግዳውን ሰዓት አየን፣ ሁላችንም ያላየን መሰልን። አንዱ "ዛሬ ቀለለን" አለ። ማናችንም ግን ተነስተን ወደ ተራራው አልሄድንም።

ሐሙስ ረፋድ ላይ የጋሼ ጠብታ ልጅ መጣች።

ጎልማሳ ሴት ናት። የዳቦ መኪና እየነዳች ለሱቆች ታከፋፍላለች። እጅጌዋ ላይ ዱቄት አለ፣ ፀጉሯ ከዝናቡ ይንጠባጠባል። አባቷ ሰኞ ማታ ደውሎላት ኖሯል፤ ምንም ብትሰሚ እንዳትመጪ ብሏታል። ከዚያ ወዲህ ስልክ አያነሳም።

ለስላሳ ወንበር ሳበላት። ወንበር መሳብ ላይ ጎበዝ ነው። መንገዱ በወቅቱ ሁኔታ አመቺ እንዳልሆነ፣ ጥያቄዋን በጽሑፍ ማቅረብ እንዳለባት፣ ሰው ለመላክ የሚመለከተው ክፍል መፍቀድ እንዳለበት በዚያ በሚያምር ድምፁ አስረዳት። የሰው አባት ጠፋ የሚለውን ነገር "መጠነኛ መዘግየት" አደረገው።

ሰምታ ጨረሰችና ወደ እኔ ዞረች።

"እህቴ፣ ስልኩን የምታነሺው አንቺ ነሽ አይደል? ስላንቺ ያወራል። ትዕግሥተኛ ልጅ ናት ይላል።"

አምስቱም ጠረጴዛቸው ላይ አቀረቀሩ።

መጨረሻ ያወራሽው መቼ ነው፣ አለችኝ። ማክሰኞ አልኳት። ምን አለሽ፣ አለች። እንደ ሁልጊዜው ልኬት አነበበልኝ፣ ሌላ ምንም አላለም አልኩ። አምስት ሰው የሰማውን ነገር አምስቱም ፊት ካድኩ። አንዱም ቀና አላለም። እኔም ከነሱ በአንዱ ቦታ ብሆን ቀና አልልም ነበር።

"እኔ እሄዳለሁ። ጣቢያውን የሚያውቅ ሰው ግን ያስፈልገኛል" አለች።

ሄድኩ። ጥሩ ሰው ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ።

ጋሼ ጠብታ ልኬቱን በስልክ ከማንበቡ በፊት መዝገብ ላይ ይጽፋል። የሰኞው ገጽ ላይ ዜሮ አለ፤ እኔ ዘንድ ያለው አስራ ስምንት ነው። ያንን መዝገብ ሌላ ሰው ከእኔ በፊት እንዳያገኘው ነው የሄድኩት። ሽማግሌ ጠፍቶ እኔ የማስበው ስለ አንድ ቁጥር ነበር።

የዳቦው መኪና ውስጥ ባዶ ሳጥኖች ከኋላችን ይንኳኳሉ። ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል፤ የመስታወት መጥረጊያው አልቻለውም። ሬዲዮ ላይ ድምጿ ማር የሆነ አንባቢ የእኔን ትንበያ ታነባለች... "አልፎ አልፎ ቀላል ዝናብ፣ ለሽርሽር ምቹ የሆነ አየር..." መንገዱ ግማሹ ወንዝ ሆኗል።

ልጅቷ ሬዲዮውን ዘጋችው።

"ማነው ይሄን የሚጽፈው?"

በመስኮት ውጭ ውጭውን አየሁ።

መንገድ ላይ ስለ አባቷ ትንሽ አወራችኝ። በየዓመቱ በልደቷ ቀን እየደወለ፣ የተወለደች ዕለት ስንት ሚሊ ሜትር እንደዘነበ ይነግራታል። ስጦታው ያ ነው። ልጅ ሳለች ታፍርበት ነበር፤ አሁን ሳይደውል ቢቀር የምታብድ ይመስላታል። እኔ በሆዴ "ጉድ ነው ይሄ ቤተሰብ" አልኩ። እውነቱን ነው የምነግራችሁ፤ እንደዚያ ነው ያልኩት።

ስምንት ሰዓት ገደማ ደረስን።

መኪናዋ አጥሩ ጋ ስትቆም ዝናቡ ጣሪያዋን እንደ ጠጠር ይደበድባል። ወርደን ሮጥን። የአጥሩን በር ገፍተን ገባን...

ጸጥ አለ።

ዝናቡ አባርቶ አይደለም። ዞር ብዬ አየሁ፤ ከአጥሩ ወዲያ እንደ መጋረጃ ይወርዳል። መኪናዋ ውስጡ ቆማለች። ከአጥሩ ወዲህ ግን የለም። እየሳሳ ሄዶ አይደለም የቆመው፤ በቢላ የተቆረጠ ይመስል አጥሩ ላይ ያበቃል። የአጥሩ እንጨት በውጭ በኩል ጠቁሮ ረጥቧል፣ በውስጥ በኩል ነጭ ነው። ስንራመድ ከእግራችን ሥር አቧራ ተነሳ።

ድምፁም አጥሩ ላይ ያበቃል። የራሴን ትንፋሽ እሰማለሁ።

"አባዬ?" አለች፣ ቀስ ብላ። እዚያ ግቢ ውስጥ መጮህ የሚቻል አይመስልም ነበር።



የዝናብ መለኪያው ጋ ሄድኩ። እስከ አፉ ሞልቶ በዳሩ ይፈስሳል። ጣቴን ነከርኩ። ለብ ያለ ነው... የሰው ገላ ያህል። እጄን በቀሚሴ ጠረግኩ፤ ደግሜ ጠረግኩ።

ቤቱ አልተቆለፈም። አልጋው ተነጥፏል። ጃኬቱ ተሰቅሏል። መነጽሩ መዝገቡ ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

ልጅቷ ወደ ጓሮ ዞረች። እኔ መዝገቡን ከፈትኩ። የሰኞውን ዜሮ አገኘሁት። ገጹን ልቀድደው ያዝኩት... ከሥሩ ያለውን ሳይ ለቀቅኩት።

ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት። እይታ፣ ሦስት ሜትር ተሰርዞ፣ አንድ ሜትር።

ረቡዕ ጠዋት። እይታ፣ ግማሽ ሜትር።

ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት። እይታ፣ ዜሮ።

እኛ "ቀለለን" ባልንበት ረቡዕ፣ እዚህ ተቀምጦ ይጽፍ ነበር ማለት ነው። ጽሑፉ አልተንቀጠቀጠም፤ ጥርት ያለ ነው። ከጎኑ አስተያየት የሚጻፍበት ቦታ አለ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ወፉን፣ ቅጠሉን፣ ጭጋጉን ሲሞላበት የኖረው ቦታ ነው። ሰኞ ላይ ራሱ ሦስት መስመር አለው።

ከማክሰኞ ጀምሮ ባዶ ነው።

ቀና ስል በመስኮቱ የነፋስ ጠቋሚውን አየሁት። ቀስቱ ወደ መስኮቱ ዞሯል።

ስንገባ ወደ አጥሩ በር ነበር የሚያሳየው። እርግጠኛ ነኝ፤ ሥራዬ እሱን ማየት ነው።

ብረቱ ላይ፣ ከቀስቱ ጎን፣ ነፋስ ሲኖር የሚሽከረከሩ ትንንሽ ኩባያዎች አሉ። አይነቃነቁም።

መዝገቡን እንደያዝኩ ወጣሁ። ወደ ቀኝ አምስት እርምጃ ሄድኩ።

ዞረ።

ወደ ግራ ተመለስኩ።

ዞረ... ቀስ ብሎ፣ ምንም ድምፅ ሳያሰማ። ዘይት ተቀብቷል። ጋሼ ጠብታ የተባለውን የሚያደርግ ሰው ነበር።

ልጅቷ ከጓሮ መጣች። እዚያም የለም አለች። ከዚያ ፊቴን አየችው። ከፊቴ ቀስቱን፣ ከቀስቱ መልሳ እኔን።

"አትነቃነቂ" አልኳት በሹክሹክታ።

"እኔን አይደለም..." አለች። "አንቺን ነው።"

አሁን የምነግራችሁን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ሄጄ ከኋላዋ ቆምኩ።

ትከሻዋን በሁለት እጄ ያዝኩ። አባቷን ፍለጋ የመጣችውን ሴት በእኔና በዚያ ብረት መሃል አቆምኳት። ልይ ብዬ ነው... እሷን ይመርጥ እንደሆን።

ቀስቱ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ያመነታ መሰለ። ከዚያ በነበረበት ረጋ፤ በትከሻዋ ላይ አልፎ፣ ወደ ፊቴ።

ምን እንዳደረግኩ ገባት። አልጮኸችም፣ አልሰደበችኝም። ጣቶቼን ከትከሻዋ ላይ አንድ በአንድ አነሳቻቸው። መዝገቡን ከብብቴ ወሰደችና ወደ መኪናዋ ሄደች። ሮጬ ተከተልኳት። አጥሩን ስናልፍ ዝናቡ ደበደበን፤ እንደዚያ ቀን ዝናብ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

 መሥሪያ ቤቱ በር ላይ አወረደችኝና ወደ ፖሊስ ጣቢያ ልትነዳ ስትል፣ ፊቷን ሳታዞር ተናገረች።

"ትዕግሥተኛ ነበር ያለኝ።"

ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም።

ፈላጊዎች ተራራውን ለሦስት ቀን አሰሱት። እሳቸውን አላገኙም። ግቢው እንደ ማንኛውም ግቢ ጭቃ ሆኖ፣ መለኪያው የዘነበውን ያህል ይዞ፣ ጠቋሚው ከነፋሱ ጋር ሲዞር ነው ያዩት። ለስላሳ ሪፖርት ጻፈ፤ "የጣቢያው ባልደረባ ከሥራ ገበታቸው ላይ አለመገኘት" ይላል። በእሳቸው ቦታ መሣሪያ ይተከላል ተብሏል። ክፍላችን ውስጥ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሁን ሁሉም ሰው አንድ ጉዳይ ይኖረዋል፤ ይወጣል።

ስለ አስራ ስምንቱ ሚሊ ሜትር ማንም አልጠየቀኝም። ለካ ቁጥሩን የሚያየው ሰው የለም። እኔ ግን እሱን ብዬ ሄጄ ነው የሰው ልጅ ጀርባ የተደበቅኩት።

ይሄ ከሆነ ሦስት ሳምንት አለፈው። ወጀቡ ግን አላበቃም።

ባለፈው ሰኞ፣ ከምሳ በኋላ፣ ኃይለኛ ዝናብ መጣ። በመስኮቱ የመሥሪያ ቤቱን ግቢ አያለሁ። ሲሚንቶው ረጥቦ ያብረቀርቃል። ዋናው በር ጋ ግን ሁለት ደረቅ ቦታዎች አሉ። ጎን ለጎን፣ ትንንሽ። ዝናቡ ሲወርድባቸው አይረጥቡም።

ማክሰኞ ዘነበ። መኪና ማቆሚያው መሃል ነበሩ።

የእግር ቅርጽ አላቸው። ጣቶቻቸው ወደ ሕንጻው ነው።

ጥበቃው ጃንጥላ ይዞ በዚያ በኩል ሲያልፍ አየሁት። ወደ መሬት አላየም። እዚያ ሲደርስ ግን ትከሻውን ሰበር አድርጎ ዞሮ አለፈ... ለሰው መንገድ እንደሚለቅ ሰው።

ረቡዕና ሐሙስ ፀሐይ ነበር። እናንተ ደስ አላችሁ፤ ለስላሳም "በትንበያችን መሠረት" ብሎ አስነበበ።

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ይዘንባል። ይሄን የምጽፍላችሁ ምድር ቤት፣ የመግቢያው መስታወት በር አጠገብ ቆሜ ነው። ከበሩ ውጭ ሦስት ደረጃ አለ። ደረቆቹ እግሮች ከመጨረሻው ደረጃ ሥር ናቸው።

ዛሬ ግን፣ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ብቻቸውን አይደሉም።

መካከለኛው ደረጃ ላይ፣ በእኔና በእነሱ መሃል፣ ሌላ ጥንድ አለ። ትንሽ ከፈት ብለው የቆሙ ናቸው፣ መንገድ እንደሚዘጋ ሰው። ዝናቡ በዙሪያቸው ይፈስሳል፣ እነሱ ደረቅ ናቸው።

ተረከዛቸው ወደ እኔ ነው።